«ቲቸር፣ ይሄን ማንሳት ያለበት ማነው?»

የደረሰን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤታችን ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ወሰነ። አስተባባሪ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጡ ከግቢያችን ጀርባ ያለውን የውኃ መውረጃ ቦይ ያጸዳሉ። ፎቶ እንነሳለን፣ ቅጻቸው ላይ እፈርማለሁ፣ እንበተናለን። በሳምንቱ ቦዩ መልሶ ይሞላል። ግማሾቹ ልጆች ስም ብቻ አስጠርተው ይጠፋሉ።

በቀደም አንዲት ተማሪዬ አካፋዋን ይዛ ቆመችና ‹ቲቸር፣ ይሄን ማንሳት ያለበት ማነው? ለምን ሄደን አንጠይቃቸውም?› አለችኝ። ሌሎቹም ‹እውነቷን ነው› አሉ። ደስ ብሎኝ ለርዕሰ መምህሩ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ‹አገልግሎት ነው ያልነው፣ አቤቱታ አላልንም። ፖለቲካ ውስጥ እንዳታስገቢን› አሉኝ። ወላጆች ደግሞ ‹ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው እንጂ እንድትጠርግ አይደለም› ይሉኛል። በሁሉም በኩል ተወጥሬአለሁ። ልተወው? ወይስ የተሻለ መንገድ አለ?»

አስተባባሪዋ መምህርት

መልስ

ውድ መምህርት፣

አይተዉት። በተለይ አሁን አይተዉት።

ደብዳቤዎ ላይ ነገሩ እንደከሸፈ አድርገው ነው የሚያወሩት። እኔ እንደዚያ አልታየኝም። እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሠራ የነበረው የጉልበት ሥራ ነው። ትምህርት የሆነው ያቺ ልጅ አካፋዋን ይዛ የቆመች ዕለት ነው። ብዙ አስተባባሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ አፍ ሳይሰማ ዓመቱ ያልቅበታል። እርስዎ ጋ ሳይጠሩት መጥቷል። ከዚህ በኋላ ሥራዎ ያን ጥያቄ መከተል ነው።

መጀመሪያ ወላጆቹን ላንሳ። ንግግራቸው ሊከብድዎት ይችላል፤ ግን ልክ ናቸው። አንድ ልጅ 40 ሰዓት ጠርጎ ቦዩ ለምን እንደሚሞላ ካላወቀ፣ ነፃ ጉልበት ተገኘ እንጂ ትምህርት አልተሰጠም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1938 ይህንኑ ጽፎ ነበር (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ልምድ ሁሉ እኩል አያስተምርም ይላል። እንዲያውም አንዳንዱ ልምድ ሰውን ከመማር ያርቀዋል። እየተሰላቸ የጠረገ ልጅ ስለ አገልግሎት የሚማረው እንዴት እንደሚያመልጥ ነው። ስለዚህ ከወላጆቹ ጋር አይከራከሩ። ልጆቹ የሚያሳዩት ሥራ ሲኖራቸው ጠርተው ያሳዩዋቸው።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። 40 ሰዓት የእናንተ ትምህርት ቤት ብቻ ያመጣው ነገር አይደለም። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ከ1999 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ 40 ሰዓት እንዲያገለግል ታዛለች። የአሜሪካዋ ሜሪላንድ በ1992 75 ሰዓት ወስናለች፤ ከአገሪቱ ግዛቶች ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ናት። ሆላንድም በ2011 30 ሰዓት ግዴታ አድርጋ ነበር፤ በ2014 ግን ግዴታነቱን አነሳችው። ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚስበኝ የሜሪላንድ አሠራር ነው። አገልግሎቱ ሦስት ነገር እንዲኖረው ይጠይቃሉ፦ ዝግጅት፣ ተግባር፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ የሠሩትን ማሰብ። የእናንተ ቅዳሜ ያለው መካከለኛው ብቻ ነው።

ግዴታ መሆኑ ይጎዳል? አንዳንዱን ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ1999 የታተመ ጥናት አለ። ድሮውንም በራሳቸው ፍላጎት የማይሄዱ ልጆች ሲገደዱ፣ ኋላ ላይ በፈቃዳቸው የማገልገል ሐሳባቸው ጭራሽ ይቀንሳል። የመምረጥ ዕድል ሲኖር ግን ጉዳቱ ይቃለላል። ስለዚህ ስም አስጠርተው የሚጠፉትን ልጆች ሰነፎች ናቸው ብለው አይደምድሙ። ማንም ምን መሥራት እንደሚፈልጉ አልጠየቃቸውም። 40 ሰዓቱን መሰረዝ የእርስዎ ሥልጣን አይደለም። በ40 ሰዓቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን በእጅዎ ነው። አንዱ መለካት ይወዳል፣ አንዷ ሰው ማናገር፣ ሌላው ካርታ መሳል። ሁሉም አካፋ መያዝ የለበትም።

ነገሩ ያዋጣል ወይ ብለው ይጠራጠሩ ይሆናል። በ2011 ተመራማሪዎች 62 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መርምረው ነበር። በጥናቶቹ ውስጥ 11,837 ተማሪዎች አሉ። አገልግሎትን ከትምህርት ጋር አያይዘው የሠሩ ልጆች በትምህርት ውጤታቸውም፣ ለራሳቸውና ለትምህርት ቤት ባላቸው አመለካከትም፣ በዜግነት ተሳትፏቸውም ተሻሽለው ተገኝተዋል። የበለጠ የተሻሻሉት ደግሞ አራት ነገር የተሟላላቸው ናቸው። ሥራው ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ልጆቹ በውሳኔው ድምፅ አላቸው፣ የአካባቢው ሰው ይሳተፋል፣ የተሠራው መልሶ ይታሰብበታል። እነዚህ አራቱ ገንዘብ አይጠይቁም። አንድ የጸና መምህር ነው የሚፈልጉት፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ አለ።

አሁን ቦዩ ላይ እንቆይ።

በሚመጣው ቅዳሜ አካፋው ይቅር። ልጆቹ ደብተር፣ ሜትር፣ ሚዛንና ወፍራም ጓንት ይዘው ይውጡ። ቦዩን ከላይ እስከ ታች ይሂዱበት። የቱ ጋ ነው የሚደፈነው? የሚደፍነው ምንድን ነው? ፕላስቲክ ነው፣ የወጥ ቤት ትራፊ ነው፣ የግንባታ ፍርስራሽ ነው ወይስ ዝናብ ጠርጎ ያመጣው አፈር? እያንዳንዱ መልስ ወደ ሌላ ሰው ይመራል። አፈር ከሆነ ችግሩ ከላይ ያለው ተዳፋት መራቆቱ ነው። ፍርስራሽ ከሆነ በጨለማ መኪና አምጥቶ የሚደፋ አለ ማለት ነው። የቤት ቆሻሻ ከሆነ ወይ ገንዳ የለም፣ ወይ ገንዳው ሩቅ ነው፣ ወይ የሚያነሳው መኪና በቀኑ አይመጣም። ይህን ሳይለዩ ተነስተው «ማን ያንሳው» ቢሉ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲላኩ ይውላሉ።

ከዚያ 10 ሜትር የምትሆን ቦታ መርጠው ንጹሕ አድርገው ይጥረጓት። በየሳምንቱ እየተመለሱ የገባውን በዓይነት ይለዩ፣ ይመዝኑ፣ ይጻፉ። አራት ሳምንት ይበቃል። ያኔ በእጃቸው ያለው ስሞታ ሳይሆን ማስረጃ ነው። የሒሳብ መምህሩ ከቁጥሮቹ ግራፍ ያሠራቸዋል። የባዮሎጂ መምህሯ ከቆመው ውኃ ላይ ጨልፋ የትንኝ እጭ ታሳያቸዋለች። የጂኦግራፊው መምህር ውኃው ከየት ወደ የት እንደሚወርድ በካርታ ያሳያቸዋል። ሥራውን ለብቻዎ አይሸከሙት። ከባልደረቦችዎ ሁለቱን ብቻ ካገኙ ይበቃዎታል፤ ሁሉንም እስኪያሳምኑ ከጠበቁ ዓመቱ ያልቃል።

ደኅንነቱን ችላ አይበሉ። ስለታም ነገርና የሕክምና ቆሻሻ በእጅ አይነካም። ልጆቹ ወደ ጎርፍ ቦታ አይጠጉ። ወላጅ ፈርሞ ይፍቀድ።

አንድ አደራ አለኝ። በቦዩ ዳር የሚኖሩትን ሰዎች ሳታናግሩ ምንም እንዳትወስኑ። ተማሪዎች አካፋ ይዘው ሲመጡ የነዋሪው ችግር የገባቸው ይመስላቸዋል። ቦዩ በዝናብ ጊዜ የማንን ቤት እንደሚያጥለቀልቅ የሚያውቁት ግን እነዚያ ሰዎች ናቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው? ለማን አመለከታችሁ? ምን ተባላችሁ? ብለው ይጠይቋቸው። ምናልባት ከልጆቹ በፊት ብዙ ጊዜ የጮኹ እናት ይገኛሉ። እንዲህ ከሆነ ልጆቹ የእሳቸውን ጩኸት ይዘው ይቀጥላሉ እንጂ ከዜሮ አይጀምሩም። ደግሞም ከነዋሪዎቹ መካከል እዚያው የሚደፋ ይኖራል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ይናደዳሉ። አስቀድመው ያዘጋጇቸው። «ለምን ይደፋሉ?» ብሎ ሰውን ማሸማቀቅ ቀላል ነው። «ገንዳ ቢቀርብልዎ ይጠቀሙ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን የሚረባ መልስ ያመጣል፤ ልጁንም ሰው አክብሮ ማናገር ያለማምደዋል።

ከእያንዳንዱ ቅዳሜ በኋላ 20 ደቂቃ ቁጭ ይበሉ። ይህቺን ጊዜ ማንም እንዳይነካባችሁ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ምን አየን? ምን ማለት ነው? ቀጥሎ ምን እናድርግ? «ምን ተሰማችሁ?» የሚለውን ባይጠይቁ እመርጣለሁ። ልጆች መምህር የሚወደውን መልስ ያውቃሉ። «በጣም ደስ ብሎኛል፣ ወገኔን መርዳት ጥሩ እንደሆነ ተምሬአለሁ» ብለው ይጽፋሉ፣ እርስዎም ያርማሉ፣ ማንም ምንም ሳያስብ ያልፋል። «ዛሬ ያልጠበቃችሁት ነገር ምን ገጠማችሁ?» ቢሏቸው ይሻላል። የተናደደም፣ የተሰላቸም፣ «ይሄ ነገር ዋጋ የለውም» የሚልም ይናገር። እንዲህ የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ በደንብ ያየ ልጅ ነው።

ስለ ፎቶውም አንድ ነገር ልበል። ሮጀር ሃርት የሚባል ምሁር በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል አሳይቶ ነበር። የታችኞቹን ሦስት ደረጃዎች ተሳትፎ አይላቸውም። ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ማስዋቢያ ማድረግ፣ ለይስሙላ ማሳተፍ ናቸው። አንድ ዓይነት ቲሸርት አልብሶ፣ ባነር አስይዞ፣ ፎቶ አንስቶ መሸኘት ከእነዚህ የሚወጣ አይደለም። ፎቶ አይነሳ አላልኩም። ቦዩ በየሳምንቱ ምን እንደሚመስል ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚነሳ ፎቶ ትልቅ ማስረጃ ነው። ካሜራው ወደ ቦዩ ይዙር።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ወደ ርዕሰ መምህሩ።

ፍርሃታቸውን አይናቁት። ነገር ቢነሳ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ግን «አገልግሎት እንጂ አቤቱታ አይደለም» ያሉት ላይ አልስማማም። ጆኤል ዌስትሃይመርና ጆሴፍ ካን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ትምህርት ቤቶች ምን ዓይነት ዜጋ ለማፍራት እንደሚሠሩ አጥንተው ሦስት ዓይነት አግኝተዋል። አንደኛው በግሉ ኃላፊነት የሚሰማው ነው። ሁለተኛው ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ የሚሳተፍ ነው። ሦስተኛው ችግሩ ከምን እንደመጣ የሚጠይቅና ፍትሕ የሚፈልግ ነው። በእናንተ ቦይ ብናየው፣ የመጀመሪያው ቆሻሻ አይጥልም፣ የተጣለውንም ያነሳል። ሁለተኛው የጽዳት ዘመቻውን ያስተባብራል። ሦስተኛው ለምን በየሳምንቱ እንደሚሞላ ይጠይቃል። የእናንተ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ብቻ ፈልጎ ሳለ ሦስተኛዋ ብቅ አለች። እኔ ሦስቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ። ቆሻሻ እየጣለ ቢሮ የሚወቅስ ሰው አይረባም። ዕድሜውን ሙሉ እየጠረገ አንድም ቀን የማይጠይቅ ሰው ግን፣ ሥራውን ያልሠራውን ክፍል ሳያውቀው እየሸፈነለት ነው።

ለእሳቸው ሲያስረዱ ሁለት ነገር ይለዩላቸው። ማን ይመረጥ፣ የትኛው ፓርቲ ይሻላል የሚለው ወሬ በመምህር መሪነት ትምህርት ቤት ውስጥ አይገባም። በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ፣ እርስዎም ይሁኑ፣ በግልጽም ይንገሯቸው። ቦዩ በማን ኃላፊነት ሥር ነው? በጀቱ ከየት ይመጣል? ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና በስንት ቀን መምጣት አለበት? የሚሉት ግን እርስዎ በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት ራሱ ነው። መጽሐፉ ላይ «ዜጋ ይጠይቃል» ብሎ አስተምሮ፣ ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በይ» ማለት የተማሩትን ሁሉ ያፈርስባቸዋል። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽና የመሰማት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ከአሜሪካ በስተቀር የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በሙሉ አጽድቀውታል። ይህን ሲያነሱ ለማስፈራራት እንዳይመስል ይጠንቀቁ። እሳቸው ከበላይ ሲጠየቁ የሚመልሱት ነገር እንዲኖራቸው ብለው ይስጧቸው።

በባዶ እጅ ደግሞ አይሂዱ። የአራቱን ሳምንት ቁጥር ይዘው ይግቡ። እስከዚያ ስለ ደብዳቤ ምንም አያንሱ። መለካትና መመዝገብ ማንንም አያስደነግጥም። ግራፉን ሲያዩ ነገሩ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ጥናት ይታያቸዋል። «ደብዳቤውን እርስዎ ሳያዩት አንልክም» ይበሏቸው። ቃልዎንም ይጠብቁ።

ደብዳቤውን ልጆቹ ይጻፉት። ከአንድ ገጽ አይለፍ። ምን እንዳዩ፣ በየትኛው ቀን ምን ያህል እንደለኩ፣ ነዋሪዎቹ ምን እንዳሉ፣ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ። አንድ ብቻ፤ ለምሳሌ ሁለት ገንዳ እዚህና እዚያ ይቀመጥልን። አምስት ነገር የጠየቀ ሰው ቢሮው የሚቀለውን መርጦ ይመልስለታል። ስድብ፣ ምፀት፣ «ቸልተኝነታችሁ» የሚል ቃል አይግባ። ለሚመለከተው ክፍል በስሙ ይጻፍ፣ ለርዕሰ መምህሩና ለነዋሪዎቹ ግልባጭ ይደረግ። ልጆቹ ራሳቸው ይዘው ሄደው መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉት፣ ቁጥሩንና ቀኑን ይጻፉ። መልስ በሁለት ሳምንት ካልመጣ ቁጥሩን ጠቅሰው ሁለተኛ ይጽፋሉ። ከዚያም ካልመጣ የበላይ ክፍሉ ማን እንደሆነ ያጣራሉ። መልሱ «በጀት የለም» ሊሆንም ይችላል። ያኔ በጀት መቼ እንደሚያዝና ሐሳብ ለማን እንደሚቀርብ ይማራሉ። ይህን ሲያደርጉ የሚያልፈው ጊዜ ከ40 ሰዓቱ ላይ ይቆጠርላቸው። አካፋ መያዝ ብቻ አገልግሎት የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ውጤቱ እውነቱን ይንገሯቸው። ገንዳው ላይመጣ ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን «እናሳካዋለን» ብለው ቃል አይግቡ። ልጆች ከሽንፈት ይልቅ ውሸት ነው የሚሰብራቸው። የነዋሪዎቹን ተስፋ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠንቀቁለት፤ መጥተው ጠይቀው፣ ጽፈው፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሚጠፉ ተማሪዎች ከመጡ ባይመጡ ይሻላል። የደረሱበትን ተመልሰው ለነዋሪው ይንገሩ። መዝገቡን ለቀጣዩ ክፍል ያስረክቡ። ሦስት ቦታ ከመሮጥ አንድ ቦይ ሦስት ዓመት ይያዙ።

ያቺን ልጅም ይጠብቁልኝ። ጥያቄውን ያነሳችው እሷ ናት ብለው ከፊት አያስቁሟት። ደብዳቤው በክፍሉ ስም ይሁን፣ ሁሉም ይፈርሙበት። ነገሩ ቢበላሽ አንዲት ልጅ ላይ እንዳይወድቅ፣ ቢሳካም የአንድ ጎበዝ ተማሪ ታሪክ ሆኖ እንዳይቀር። ለብቻዋ ግን ጥያቄዋ ትክክል እንደነበረ ይንገሯት። ርዕሰ መምህሩ የተቆጡት በእሷ እንዳይመስላት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እሳቸው አሁንም «አይላክም» ቢሉስ? ከእሳቸው ጀርባ አይላኩት፤ ልጆቹንም ለችግር ያጋልጣሉ፣ እርስዎም አስተባባሪነቱን ያጣሉ። በሌላ በር ይግቡ። ከጽዳቱ ወይም ከውኃ ፍሳሹ ክፍል አንድ ባለሙያ ለሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ በእንግድነት ይጋበዝልን ብለው ይጠይቁ። እንግዳ መጋበዝ እምብዛም አይከለከልም፣ ርዕሰ መምህሩም ተገኝተው ይቀበሏቸዋል። ግራፉ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። የቦዩ ዳር ነዋሪዎችና ወላጆችም ይጠሩ። ጥያቄዎቹን ልጆቹ ጽፈው ከሳምንት በፊት ለእንግዳው ይላኩላቸው፤ ባለሙያው መልስ ይዘው እንዲመጡ።